ያልተያዘው ጳጳስ

ሁለቱ ፖሊሶች ደወል እስኪደወል ጠበቁኝ። ይህን ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጃንሆይ ዙፋን ላይ በነበሩባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ወሩ ኅዳር። ነቀምቴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ እንዴት እንደሚሰበር ሰሌዳው ላይ እየሳልኩ ሳለ በመስኮቱ በኩል ኮፍያቸውን አየሁ። መስመሩን ጨረስኩ። ማዕዘኑን ጻፍኩ። የቤት ሥራ ሰጠሁ። ደወሉ ሲደወል አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ለአንድ አፍታ ጣቢያ ይፈለጋሉ» አለኝ። የእጄን ጠመኔ አራግፌ ተከተልኳቸው። ያቺ አንድ አፍታ ሃያ ሁለት ወር ሆነች።

ሰዎች ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ይሉኛል። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሊነቀል የተወጋ ድድ ታውቃላችሁ፤ የራስህ ሆኖ የራስህ አይመስልም። ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። በዋናው መንገድ ስንሄድ የማውቃቸው ባለሱቆች ጎንበስ ብለው ዕቃ የሚያነሱ መሰሉ፤ እኔም ሰላም አላልኳቸውም። አልተቀየምኳቸውም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ የገለባውና የጆንያው ሽታ ግን ከግድግዳው ጭቃ አልወጣም። መስኮት የለውም። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሚስማር ተነቅሎ የቀረ አንድ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ይወርዳል። በሩ ሲዘጋብኝ መጀመሪያ ያየሁት ያን ብርሃን ነው። ሁለተኛ ያየሁት ሽማግሌውን ነው።

አወቅኳቸው። እሳቸውም አወቁኝ።

ከዲጋ በኩል የመጡ ጭሰኛ ናቸው። ግንቦት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከቤቴ ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን፣ የአሥራ ሁለት ጭሰኞችን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ባለርስቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። መሬቱን አንድ ቀን መጥቶ አላየውም። በዚያ ዓመት ግን በወኪሉ በኩል ከምርቱ የሚደርሰኝ ከሲሶ ወደ እኩሌታ ከፍ ይበልልኝ ብሎ አዘዘ። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ወኪሉን ፈርተው አንጽፍም አሉ። እኔ ጻፍኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ፤ በየቤቱ ዞረው አሻራ አስደረጉበት። ማን እንደጻፈው ለሌሎቹ አልነገሯቸውም። ስለዚህ ጸሐፊውን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ከፊቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነጋ?» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው፣ ለማያውቁት መንገደኛ እንደሚባለው።

«ነጋ፣ ኦቦ» አልኩ፤ ኦቦ ጋሼ እንደማለት ነው።

ያ ብቻ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ሦስተኛው እስረኛ የክፍሉ አለቃ ነበር፤ በእስረኛው አጠራር ካቦ። ጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የባዕድ አገር ራዲዮ ጮክ አድርጎ ከፍቶ ነው የታሰረው። ምግብ ከቤቱ ይመጣለታል፣ ለሦስት ያካፍለዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ብርጭቆ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር፤ አንዲት የሻይ ብርጭቆ፣ ጠርዟ የተሸረፈች። ወሬ ይወዳል። ገና አንድ ሰዓት ሳልቆይ ስለ ሽማግሌው ሁሉንም ነገረኝ።

«ግትር ናቸው፣ ጋሼ። አሥራ አንዱ ተፈትተዋል፤ ምንም አያውቁም ተብለው። እሳቸው ብቻ ቀሩ። የጸሐፊውን ስም ቢናገሩ ዛሬውኑ ይሄዳሉ። በቆሏቸው ደርሶ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ዝንጀሮ እየጨረሰው ነው። አንድ ስም፣ በቃ። አንድ ስም ምን ይከብዳል?»

«ይከብድ ይሆናል» አልኩ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እናገራለሁ። ደስ አለኝ። እስካሁን አልተናገሩም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታው አለፈና እንደገና ደነዘዝኩ።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው የመቶ አለቃ ወጣት ነው፣ የሸዋ ሰው፣ ልብሱ በካውያ የተተኮሰ። ከጎኑ አንድ አሥር አለቃ ቅጽ ዘርግቶ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ተማሪዬ ደብተር ተከፍቷል።

«ይህ ጳጳስ ማነው?» አለኝ የመቶ አለቃው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ በተወልኝ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ስለነበረ ጳጳስ አንብቤ ነበር። የድሃ ልጅ ነው። ጵጵስና ከመሾሙ በፊት መነኮሳትን ያስተምር ነበር። ዓለም ሲፈጠር መጀመሪያ አንዲት የብርሃን ነጥብ ነበረች፣ እሷ በሁሉም አቅጣጫ ስትሰፋ ግዙፉን ነገር ሁሉ ይዛ ሰፋች ብሎ ጽፏል። የተፈጥሮን ሥራ ያለ መስመርና ያለ ማዕዘን ማወቅ አይቻልም ይላል። ለተማሪዎቼ ይህን የነገርኳቸው ቀመሩ ብቻውን ስለሚደርቅባቸው ነው። በዚህ ባበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። የሮማው ፖፕ አገሩን መጥቶ ለማያይ ለገዛ ዘመዱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሹመትና ገቢ ይሰጠው ብሎ ቢያዝ፣ ይህ ጳጳስ እምቢ ማለቱን ነገርኳቸው። ከዚያም፣ «ፍሬውን የሚወስድ ሰው ቢያንስ ማሳውን አንድ ጊዜ ይየው» አልኩ። ጳጳሱ እንዲህ አላለም፤ አባባሉ የኔ ነው። ግንቦት ላይ ማመልከቻው ውስጥም ይህንኑ ጽፌዋለሁ። አፌ ላይ ቀርቶ ኅዳር ላይ ክፍል ውስጥ አመለጠኝ። ከዚህ የበለጠ የሞኝ ሥራ አልሠራሁም።

«ጳጳሱ አሁን የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ሰባት መቶ ዓመት ሆኖታል።»

የመቶ አለቃው ፈገግ አላለም። ብልህ ሰው ነበር፤ እውነት እንደምናገር የገባው ይመስለኛል። አሥር አለቃው ግን ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠበቀ። ቅጹ ላይ ተባባሪ የሚል ረድፍ አለ፣ መሞላት አለበት።

«ስሙ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ሰረዘው። በመጨረሻ፣ «አንድ የእንግሊዝ ጳጳስ» ብሎ ጻፈ።

«አድራሻ?»

«የለውም።»

«ለጊዜው ያልተያዘ» ብሎ ጻፈና ቀለሙን በመምጠጫ ወረቀት ተጫነው።

የመቶ አለቃው ወደኔ ዘንበል አለ። «ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

ዋሸሁ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

«ግድ የለም» አለ። «ሽማግሌው ይነግረኛል። እኔ ጊዜ አለኝ። ጊዜ የሌለው እሱ ነው።»

ቀጥሎ የነበሩትን ቀናት ለይቼ አላስታውሳቸውም። ጠዋት ሽንት ቤት እንወጣለን። ቀትር ላይ ምግብ ይገባል፤ ዘበኛው እንጀራውን ገልቦ፣ ወጡን በእንጨት በጥብጦ ይፈትሻል። ማታ ቁንጫ ነው። ሽማግሌው በየቀኑ ይጠራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ጆንያቸው ላይ ይቀመጣሉ። ምን ጠየቋቸው፣ ምን መለሱ፣ አልጠይቅም። ሲገቡ ፊታቸውን አያለሁ፤ በዚያ ቀን ተናግረው እንደሆነ ለማወቅ። ለደኅንነታቸው ብዬ ያየሁ እንዲመስል እሞክር ነበር።

የማስታውሰው አምስተኛውን ቀን ነው።

ዝናብ ያልነካው ጥርት ያለ ቀን ነበር። ከቀትር በፊት ብርሃኗ ወለሉ ላይ ወርዳ በሽማግሌው እግር አጠገብ አረፈች። ስሙኒ የምታህል ክብ። በየቀኑ ከበሩ በኩል ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ትጓዛለች፤ እሳቸው ከኔ በፊት ለብዙ ሳምንት ሲያዩዋት ኖረዋል።

«ባርሲሳ» አሉኝ በድንገት። መምህር ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «ቀዳዳዋን እያት። የተቦጫጨቀች ናት፣ ሦስት ጥርስ አላት። ብርሃኗ ለምንድነው ክብ የሆነችው?»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ቀዳዳዋ የተቀደደች ናት። አምስት ቀን ሙሉ ከሥሯ ተቀምጬ እኔ የሳይንስ መምህሩ አላየሁትም ነበር።

«ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ኦቦ» አልኩ። «ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች የራሷን መልክ አትጥልም። ያ ወለሉ ላይ ያለው የፀሐይ መልክ ነው። ፀሐይ ክብ ስለሆነች ነው ክብ የሆነችው።»

ክቧን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እሷም እዚህ ገብታለች በለኛ» አሉ።

ነጋዴው ሳቀ። እኔ የምስቅበት ጡንቻ ጠፍቶኝ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ተነካብኝ። ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ነጋዴውን ብርጭቆውን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ውሃ ሞላሁባት። የሲጋራ ፓኮ ገልብጬ ነጩን ውስጡን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ብርጭቆዋን ብርሃኗ ውስጥ ያዝኩ፤ ዘንበል አደረግኩ፣ መለስኩ፣ ከፍ አደረግኩ። ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ መጣች። ሙሉ ቀስተ ደመና ነበረች አልልም፤ በአንዱ ጠርዟ ቀላ ያለች፣ በሌላው ወደ ሰማያዊ የምታደላ፣ መሐሏ ብጫ የነካት ጭረት ናት። የጣት ርዝመት እንኳ አልነበራትም።

«ሰበታ ዋቃ» አሉ ሽማግሌው በዝግታ፤ የሰማይ መቀነት ማለት ነው።

በበሩ ስንጥቅ በኩል ዘበኛው ዓይኑን ለጥፎ ኖሯል። የጎጃም ሰው ነው። «የማርያም መቀነት!» አለ ከውጭ፣ ድምፁን መቀነስ ረስቶ። ብርጭቆ ለመጠጫ እንጂ ለሌላ አልተፈቀደም ብሎ ይጮህብናል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ብርሃኗ ከወረቀቱ እስክትወርድ እዚያው ቆሞ አየ።

«ያ የሚፈልጉት ጳጳስ ነው ይህን ያስተማረህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«እርስዎንም ጠየቁዎት?»

«በየቀኑ። ጳጳሱ ቤትህ ገብቶ ያውቃል ወይ ይሉኛል። አልገባም፣ ቢመጣ ግን እርጎ እሰጠዋለሁ አልኳቸው። ጻፉት።»

ስለ ጳጳሱ ነገርኳቸው። ሽሽት ላይ አለመሆኑን፣ ከሞተ መቆየቱን። ቀስተ ደመና ብርሃን በደመናው እርጥበት ውስጥ ሲያልፍ በመሰበሩ የሚመጣ ነው ማለቱን፤ ግማሹን ማግኘቱን፣ ግማሹን መሳሳቱን፣ ነገሩ በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ መሆኑን ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ማወቃቸውን። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ከአፌ አይነቅሉም። እንደሳቸው ያለ ተማሪ ብዙ አላገኘሁም።

«አንድ ነገር የሌላው ምክንያት መሆኑን በምን ታውቃለህ ብሎም ጠይቋል» አልኳቸው። «ምሳሌው ሆድ የሚያስኬድ ሥር ነው። እኛ ኮሶ እንበለው።»

«ሄጦ» አሉ ኮሶን በቋንቋቸው፣ ገብቷቸው።

«ሄጦ። ሆድህን ያስኬደው እሱ መሆኑን ለማወቅ ሌላውን ሆድ የሚያስኬድ ነገር ሁሉ ትከለክላለህ። እሱን ብቻ ትሰጣለህ። ደጋግመህ ታያለህ። ያኔ ምክንያቱ እሱ ነው ትላለህ።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ወለሉ ላይ ካለው ገለባ አሥራ ሁለት ስንጥር ለቀሙና ደረደሩ። ከዚያ አንድ በአንድ አነሱ። አንዷን ተዉ።

«ያ የመቶ አለቃ እንደዚህ ነው ያደረገው» አሉ። «ሁሉንም ከለከለ፣ አንዱን አስቀረ። ጎበዝ ነው። ጳጳሱ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።» ስንጥሯን አንስተው ጥርሳቸውን ይፍቁባት ጀመር። «ግን ከኔ ምንም አይወጣም።»

ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። ግድግዳውን ነው ያዩት።

ከምሳ በኋላ ነጋዴው የምግብ ዕቃውን ለመመለስ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። የማንጎው ዛፍ ሥር እንደነበርነው። ልለው የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ ያልኩት ግን፣ «ኦቦ፣ በቆሎውስ?» ነው።

«ባለቤቴ ጣሳ እየመታች ዝንጀሮ ታባርራለች። ከጠዋት እስከ ማታ። ልጆቻችን ተድረው ሩቅ ናቸው።» እጃቸውን አንስተው ትከሻቸውን ያዙ። «የተፈቱት ሰዎች ያመጡት ወሬ ነው። ክንዷ አብጧል አሉ። አሁን በግራ እጇ ነው የምትመታው።»

«ቢነግሯቸውስ?» አልኩ። አንደበቴ ከዚያ በላይ አልሄደልኝም። ቢነግሯቸው አልቀየምዎትም ማለቴ ነበር።

«ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ አንተን አላውቅህም።»

አፈርኩ። በእነዚያ ሃያ ሁለት ወራት ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማኝ ነገር ይህ ነው። በረሃብ አልነበረም፣ በስድብም አልነበረም። አንዲት የማላውቃት ሴት ዲጋ ሜዳ ላይ በግራ እጇ ጣሳ እየመታች እኔን ትጠብቀኛለች። ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ። ነጋዴው ተመልሶ ገብቶ ሲያወራም ይሰማኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ተጠራሁ።

የመቶ አለቃው በዚያ ቀን ትሑት ነበር። ወንበር ሰጠኝ። «ስለ ጳጳሱ የምታውቀውን ሁሉ በአማርኛ ጻፍልኝ» አለ። «ለጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ይላካል። እነሱም ማን እንደሆነ ይወቁት።»

ነጭ ወረቀትና ብዕር አቀረበልኝ። የጠረጴዛውን መሳቢያ ግማሹን ከፍቶ ተወው። መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ትምህርት ቤት የማስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከተማው ውስጥ በአማርኛ የጻፍኩት ወረቀት ቢፈለግ ያ ማመልከቻ ብቻ ነው። ሽማግሌው እምቢ ቢሉት ጽሕፈቴን ከማመልከቻው ጋር ሊያስተያይ አሰበ ማለት ነው።

እኔ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ነበረኝ። አንዱ ለማስታወሻ የምጠቀምበት ነው፣ የዶሮ ጭረት። ሌላው አባቴ ያስተማረኝ ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ፊደል ስታጣምም ለባለጉዳዩ ፍርዱን ታጣምምበታለህ እያለ ጣቴን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። ያን ጽሕፈት ለትልቅ ነገር ብቻ አወጣዋለሁ፤ ቁመቱ እኩል ነው፣ የፊደሎቹ እግር ወደ ግራ ሳብ ይላል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይስተውም። ማመልከቻውን የጻፍኩት በዚያ ነው።

ብዕሩን ያዝኩ። በዶሮ ጭረቱ ብጽፍ ማንም ምንም ማለት አይችልም። ለጥቂት ጊዜ፣ ከአሥር ትንፋሽ ለማይበልጥ ጊዜ፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳላሳርፍ ቆየሁ። አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

በአባቴ ጽሕፈት ጀመርኩ።

ጳጳሱ የድሃ ልጅ እንደነበር ጻፍኩ። ስለ ብርሃኗ ነጥብ ጻፍኩ። ጥሩ መስታወት ቢገኝ ከሩቅ ያለውን ትንሽ ፊደል ማንበብ ይቻላል ማለቱን፣ ካርኒ ስንፈርም እንኳ የማናስበውን የቀን አቆጣጠር ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር አስተያይቶ ስሕተት ማግኘቱን፣ ስለ ኮሶው፣ ስለ ቀስተ ደመናው፣ ግማሹን መሳሳቱንም ጻፍኩ። አልቸኮልኩም። ከዚያ ለፖፑ እምቢ ያለበትን ደረስኩ። እሱንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ «ፍሬውን የሚወስድ ሰው ቢያንስ ማሳውን አንድ ጊዜ ይየው» ብዬ፣ ይህ የጳጳሱ ሳይሆን የራሴ ቃል ነው የሚል ጨመርኩበት። ፈረምኩ።

የመቶ አለቃው ወረቀቱን አነሳ። ማመልከቻውን ከመሳቢያው አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያስተያየው። ከዚያ ወንበሩን ተደገፈ።

«ጽሕፈትህን መለወጥ ትችል ነበር» አለኝ።

«እችል ነበር።»

«መሳቢያውን አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«በቆሎው ሜዳ ላይ ነው» አልኩት።

የማን በቆሎ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ወደ አሥር አለቃው ዞረ። «ሽማግሌውን ፍታው።»

አሥር አለቃው ቅጹን አነሳ። «ጌታዬ፣ ጳጳሱስ?» አለ፣ ከልቡ።

የመቶ አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «እሱ ይቆይ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያጠፉ ነበር፤ ዘበኛው ቀድሞኝ ነግሯቸዋል። ፊቴን አይተው ገባቸው። ደስ አላላቸውም። ተቆጡ።

«ምን አደረግክ?» አሉኝ።

«ስለ ጳጳሱ ጻፍኩ።»

ጋቢውን እንደያዙ ቆሙ። ነጋዴው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ይቀመጡበት የነበረውን ጆንያ ጎተቱና ብርሃኗ የምታርፍበት ቦታ ላይ አነጠፉልኝ። ብርሃኗ በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ ወጥታ ልትጠፋ ነበር። ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ፣ ልጅ እንደሚያስቀምጡ፣ ወጡም።

የማን ጀግንነት ነው ትሉ ይሆናል። የኔ አልነበረም። እሳቸው እየተሰማቸው፣ እያመማቸው ነው ዝም ያሉት። እኔ ደንዝዤ ነው የጻፍኩት። ጽሕፈቴ ያን ያህል ያማረው ለዚህ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ከሳምንት በኋላ መጣ፤ ሲመጣ ግን ለሁለት ቀን ነጋዴው ውሃ በብርጭቆው ሲያጠጣኝ ነበር።

በጥር ወር ሊጠይቁኝ መጡ። ከዲጋ በእግራቸው ነው የመጡት። የተቀቀለ አንጮቴ በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል። ዘበኛው እያንዳንዱን ሥር ሰብሮ ፈተሸው። በሽቦው አጥር ማዶና ማዶ ቆመን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቤት፣ ከብት፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ደኅና። ከበቆሎው እኩሌታ የሚሆነውን አተረፉት። ባለርስቱ ከቀረው እኩሌታውን ወሰደ፤ ማመልከቻው ምንም አላመጣም። የባለቤታቸው ክንድ እየተሻለው ነው። የተፈረደብኝን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘበኛው በቃ ሲል ሄዱ። ጥቂት ተራምደው ተመለሱና ወደ ሽቦው ተጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ጳጳስስ?» አሉኝ። «አልያዙትም?»

«አልያዙትም፣ ኦቦ።»

«ጋሪ ዳ» አሉ፤ መልካም ነው ማለታቸው ነው፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ቀልዳቸውን ይሁን ከልባቸው አላውቅም። ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት እንደሆነው እኔው ነኝ የነገርኳቸው። ስፈታ ልጠይቃቸው ዲጋ ወረድኩ፤ አርፈው ደረስኩ። ባለቤታቸው እርጎ ሰጡኝ፤ በግራ እጃቸው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ነቀምቴ ነው የምኖረው። ዓይኔ ደክሟል፤ ትንሽ ፊደል የማነበው ጳጳሱ ይገኛል ባለው መስታወት ነው። የሳሎኔ ቆርቆሮ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ አለች። ልጄ በየክረምቱ ልድፈናት ይላል፤ ክረምት ክረምት ጣሳ እደቅንባታለሁ እንጂ አላስደፍንም። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከቀትር በፊት፣ ብርሃኗ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ታርፋለች፤ ክብ ናት። ወንበሬን አጠገቧ አስጠጋለሁ። ያ ፋይል የት እንደገባ አላውቅም፣ አንዱ መንግሥት ሲሄድ ሌላው ሲመጣ ተቃጥሎም ይሆናል። የዘጋው ሰው ግን የለም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ጳጳሱ አልተያዘም።